በወረቀት የሐዋ ልጅ

ጥቅምት 11 ቀን 1979፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

ዛሬ ትምህርት ቤቱን ተውኩት። ወላሂ አልመለስበትም።

ሒሳብ ላይ ነበርን። መምህር ወልደ ሚካኤል እንደ ልማዳቸው መጽሐፉን ገልጠው ማስጻፍ ጀመሩ። መጽሐፉ እኮ እጃችን ላይ አለ። እሳቸው ከመጽሐፉ ያነባሉ፣ እኛ መጽሐፉን ወደ ደብተር እንገለብጣለን፣ በማግሥቱ ደብተሩን አይተው ይፈርማሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። እኔ ያንን ምዕራፍ ክረምት ላይ ቤቴ ቁጭ ብዬ ጨርሼዋለሁ፤ መልመጃውንም አንድ ሳላስቀር ሠርቼዋለሁ። ስለዚህ እጄን አጣጥፌ ተቀመጥኩ።

«አንቺ ለምን አትጽፊም?»

«ጨርሼዋለሁ፣ መምህር።»

ክፍሉ ሳቀ። ወደ ሰሌዳ አወጡኝና ጥያቄ ጻፉልኝ። ሠራሁት። በሳቸው መንገድ አይደለም፣ በአጭሩ መንገድ ነው። ጠመኔውን ሳላስቀምጥ ዳስተሩን አንስተው አጠፉት። «ይሄን እኔ አላስተማርኩም» አሉ። መልሱ ግን ትክክል ነው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያላስተማርኩት ትክክል አይሆንም» ብለው ወደ ቦታዬ ሰደዱኝ።

ይቺን ቃል እስክሞት አልረሳትም። ያላስተማርኩት ትክክል አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ትምህርት የለም፣ የሰልፍ ልምምድ ነው። ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ባለፈው ሳምንትም ይሄው ነበር። ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ በኋለኛው በር ወጣሁ። የጠራኝ የለም። 

ጥቅምት 12

ለእማዬ አልነገርኳትም። ዩኒፎርሜን ለብሼ ወጣሁ፣ እሷ በርበሬዋን ይዛ ገበያ እስክትወርድ ጠብቄ ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ ሒሳብ። ማንም አልጨቀጨቀኝም፣ የሠራሁትንም ያጠፋብኝ የለም።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ነገርኳት። ሌላ ሰው ሳይነግራት ብዬ ነው። የጎረቤት አፍ መቼ ያርፋል።

ትጮኻለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። በርበሬ እየነፋች ነበር፣ ወንፊቱን አስቀመጠችና «የተማሪ መታወቂያሽስ?» አለችኝ።

«ይውሰዱታ።»

«መዲና፣ እሱም እኮ መታወቂያ ስላልነበረው ነው።»

«ሴት አይወስዱም፣ እማዬ።»

«ዛሬ አይወስዱም» አለችና ወንፊቱን አነሳች።

እሱ የምትለው ወንድሜን አብዱልወሀብን ነው። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ለዩኒቨርሲቲ ትንሽ ነጥብ ጎደለው። እንደገና በግል ሊፈተን ቤት ቁጭ ብሎ ሲያነብ፣ አንድ ቀን ከቤተ መጻሕፍት ሲመለስ መንገድ ላይ አገኙት። ተማሪ ነህ? አይ። ሠራተኛ ነህ? አይ። ለውትድርና ጫኑት። ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ደህና ነኝ ብሏል የሚል ወሬ አንዴ በሰው አፍ መጣ፣ ከዚያ ወዲህ የለም። ስለሱ መጻፍ አልፈልግም። ይሄ ደብተር የኔ ነው።

የማነበው በሱ መጻሕፍት ቢሆንም ስለሱ ብዬ አይደለም። ሌላ መጽሐፍ ስለሌለኝ ነው። ኅዳጉን ሁሉ በእርሳስ ሞልቶታል፤ «ይሄን በሥዕል ሞክር»፣ «እዚህ ጋ ደራሲው ዘሏል»። አንዳንዱ ይጠቅማል።

እማዬ አሁን ወዳጃ ሄዳለች። ሐሙስ በመጣ ሼህ ዘይኑልአቢዲን ቤት ዱአ አለ። ሰው ክብ ሠርቶ ይቀመጣል፣ ጫቱ ይቀርባል፣ እያንዳንዱ በተራው ሐጃውን፣ ማለትም የሚፈልገውን ጉዳይ፣ ጮክ ብሎ ይናገራል። ለአንድ ሰው አንድ ሐጃ ነው፣ ሁለት አይፈቀድም። ሼሁ እንደ ፖስታ ቤት ይጠይቃሉ፦ ማን ነው? የማን ልጅ? የት ነው ያለው? ሰው የሚጠራው በእናቱ ስም ነው። ያልተጣራ ዱአ ይጠፋል ይላሉ። ከዚያ ሁሉም እጁን ዘርግቶ አሚን ይላል።

የሚያበግነኝ ዱአው አይደለም። እዚያ ክብ ውስጥ እማዬ ጎን የሚቀመጡት እቴ ጣይባ ናቸው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የወርቅአፈራሁ አማት። የአብዱልወሀብን ስም ለዘመቻው ጽፎ ያስተላለፈው ማን ሆነና? እማዬ ግን ጫት ትዘረጋላቸዋለች፣ «አፉ በሉኝ» ብላ ይቅርታ እየጠየቀች እግራቸውን ታልፋለች። እኔ ብሆን ፊታቸውን አላይም።

ኅዳር 4

ቀበሌ ሄድኩ። ማትሪክን በግል ለመፈተን ነዋሪ መሆኔን የሚገልጽ የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። ያለ ደብዳቤ ምዝገባ የለም፣ ያለ ማትሪክ ዩኒቨርሲቲ የለም። እኔ የምፈልገው ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሒሳብ ማጥናት ነው። ሌላ ከማንም ምንም አልፈልግም።

ወርቅአፈራሁ ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። (ፊት ለፊት እርስዎ እለዋለሁ፤ እዚህ ደብተር ውስጥ ግን አልለውም።)

«አብዮቱ በነጻ ሲያስተምርሽ ጥለሽ ወጣሽ። ዛሬ ደግሞ ደብዳቤ።»

«ትምህርቱን አልጣልኩም። የጣልኩት ትምህርት ቤቱን ነው።»

«ልዩነቱ ምንድነው?»

«ትምህርት ቤቱ ውስጥ ትምህርት የለማ።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። የብዕሩን ክዳን ገጠመ። መምህሬን ይቅርታ ጠይቄ እንድመለስ፣ ካልተመለስኩ ደግሞ ሥራ ፈት ሆኜ ከምቀመጥ ለመሠረተ ትምህርት ኩታበር እንደሚልከኝ ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ ፈተናው ሲደርስ እኔ ኩታበር ለገበሬ ሀ ሁ እያስቆጠርኩ ነኝ።

ይቅርታ። ለየትኛው ጥፋቴ? መልሱ ትክክል ነበር።

ኅዳር 9

ኮምቦልቻ እሄዳለሁ። አክስቴ ሐዋ ጋ። ሐሳብ አለኝ። አውቶቡሱ ሊነሳ ነው።

ኅዳር 16፣ ኮምቦልቻ

አክስቴ ሐዋ የእማዬ ታናሽ ናት፣ ፋብሪካ ትሠራለች፣ ልጅ የላትም። ጉዳዬን ስነግራት ሳቀችና ነጠላዋን አንስታ ቀበሌዋ ወሰደችኝ። ጸሐፊውን «ይቺ ልጄ ናት። ደሴ እህቴ ጋ ስትማር ቆይታ አሁን ተመልሳልኛለች» አለችው። አንድም ነገር አልጠየቀም። ሐዋ ስትናገር ሰው አይጠይቅም። በቤተሰብ ቅጹ ላይ ጻፈኝ፣ የድጋፍ ደብዳቤውንም እዚያው ማኅተም አደረገበት።

እናት መቀየር እንደዚህ ቀላል ነው። ደሴ ላይ እውነቱን ተናግሬ ተባረርኩ፣ ኮምቦልቻ ላይ ውሸት ተናግሬ ማኅተም ተሰጠኝ። እኔ ነኝ አጥፊዋ? እነሱ ናቸው እንዲህ ያረጉኝ።

ታኅሣሥ 8

ሙቀት። ዝንብ። ሐዋ የሌሊት ተረኛ ስትሆን ቀን ትተኛለች፣ ድምፅ አውጥቼ ማንበብ አልችልም። ደጅ ወጥቼ ከግንቡ ጥላ ሥር ነው የማነበው። አላፊ አግዳሚው «ተማሪ ነሽ?» ይለኛል። አይደለሁም እላለሁ። «ታዲያ ምን ታነቢያለሽ?» ይላል። ተማሪ ካልሆነ ማንበብ የተከለከለ ነው መሰለኝ።

ታኅሣሥ 21

ትሪጎኖሜትሪ ምዕራፍ መሀል ላይ እርሳሱ አለቀ። የአብዱልወሀብ ማስታወሻ ማለቴ ነው። ገጹ አጋማሽ ላይ «ነገ ከዚህ» ብሎ አስምሮበታል፣ ከዚያ በኋላ ኅዳጉ ነጭ ነው።

ታኅሣሥ 26

አሁንም እዚያው ገጽ ላይ ነኝ። ደራሲው ማስረዳት አይችልም፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ጥር 6፣ ደሴ

ተመዘገብኩ። ፈተናው መጋቢት 21 ይጀምራል፣ እዚያው ኮምቦልቻ። ለእማዬ ልነግራት የሐረጎን ዳገት ስወጣ ብርዱ ፊቴን መታኝ፣ ደስ አለኝ።

ሁሉንም ነገርኳት። የመፈተኛው አዳራሽ የት እንደሆነ፣ የተሰጠኝ ቁጥር ስንት እንደሆነ፣ ሐዋ ለጸሐፊው ያለችውን። እየሳቅኩ ነበር የነገርኳት። እማዬም መጀመሪያ ሳቀች።

«ሐዋ እናትሽ ተባለች?»

«ወረቀት እኮ ነው፣ እማዬ።»

«ወረቀትማ ነው» አለች። ምንም አልመሰላትም። አዳራሹ ከመናኸሪያው በየት በኩል እንደሆነ ደጋግማ ጠየቀችኝና ተነስታ በርበሬዋን መንፋት ቀጠለች።

ለማንም እንዳትነግሪ አልኳት። ዝም አይነቅዝም አልኳት። «አብሽሪ፣ ለማን እነግራለሁ» አለችኝ።

ጥር 17፣ እሑድ

የቀበሌው ዘበኛ መጣ። ማክሰኞ ቢሮ እፈለጋለሁ። «የኮምቦልቻዋን እናትሽንም ይዘሽ ነይ ተብለሻል» ብሎኝ ሄደ።

እማዬን አየኋት። መሬት መሬት ታያለች።

ለካ ሐሙስ ወዳጃ ላይ ተናግራዋለች። ሰው በሞላበት፣ እቴ ጣይባ ጎን ቁጭ ብላ። ለምን አልኳት። ጮህኩባት፣ ጎረቤት ሰማኝ፣ ይስማ።

«ዱአ ላስደርግልሽ ነዋ። ሼሁ ማን ነው አሉኝ፣ መዲና አልኩ። የማን ልጅ ሲሉኝ ምን ልበል? የሳፊያ ልጅ ብዬ ዝም ብል ወረቀቱ ላይ የሐዋ ነሽ። የሐዋ ብል ደግሞ በዱአ ላይ መዋሸት ነው፤ እኔ ነኝ የወለድኩሽ። ዱአው መንገድ ላይ ይቅር? ለሌላዋ መዲና ይሂድ? ስለዚህ አጣርቼ ነገርኳቸው። የሳፊያ ልጅ ናት፣ በወረቀት ግን የሐዋ ተብላ ኮምቦልቻ ተመዝግባለች፣ የምትፈተነውም እዚያ ነው አልኩ።»

አላህ ዱአውን አሳስቶ ሌላ መዝገብ ቤት እንዳይልከው ፈርታ ነው እንግዲህ። አጃኢብ ነው። በደሴ ከተማ ላይ በድምፅ ማጉያ ብታስነግረው ይሻል ነበር።

«ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ አታውቂም?» አልኳት። «አንቺ ነሽ ያጠፋሽኝ። ወርቅአፈራሁ አንዱን ልጅሽን ወሰደ፣ ሁለተኛዋን ደግሞ አንቺ በእጅሽ አስረከብሽው።»

ይሄን ማለት አልነበረብኝም። ግን ውሸት ነው? አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ አላናግራትም።

ጥር 19

ወርቅአፈራሁ ዛሬ ቀና ብሎ አየኝ። ደስ ብሎታል።

«ሁለት እናት አለሽ አሉ።»

ለኮምቦልቻ ቀበሌ የጻፈውን ወረቀት አሳየኝ። የድጋፍ ደብዳቤው በሐሰት የተገኘ ስለሆነ ምዝገባው ይሰረዝ ይላል። የቀረው ፊርማ ነው። ብዕሩን እንደያዘ ስለ ሥነ ሥርዓት ያስተምረኝ ጀመር፤ ስለ ግለኝነት፣ እኔ ብቻ አውቃለሁ ስለሚሉ ሰዎች። ልለምነው አፌን ልከፍት ነበር፣ ወላሂ ልለምነው ነበር፤ ያን ጊዜ በሩ ተከፈተና እቴ ጣይባ ከዘራቸውን እያስቀደሙ ገቡ።

«አንተ ወርቅአፈራሁ፣ ይቺን ልጅ ምን ልታረጋት ነው?»

«እማማ፣ ይሄ የመንግሥት ሥራ ነው። ቤት ይቆዩኝ።»

«የመንግሥት ሥራህን ማን ነካብህ። እኔ ሐሙስ ለት እጄን ዘርግቼ አሚን ብዬበታለሁ። ሚስትህም ሆዷን ይዛ አጠገቤ አሚን ብላበታለች። አሁን አንተ በብዕር ስታፈርሰው ያ ሁሉ አሚን ወዴት ይግባ? ማደሪያ ያጣ ዱአ ወደወጣበት ቤት ነው የሚመለሰው። መውለጃዋ ደርሷል፣ እወቅበት።»

«እማማ፣ ይሄ ኋላ ቀር እምነት…»

«ኋላ ቀርም ይሁን ፊት ቀር፣ እኔ ተናግሬያለሁ» ብለው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ወረቀቱ ከጠረጴዛው እስኪነሳ ድረስም እንደማይነሱ ታየው።

ጓድ ሊቀመንበር ወረቀቱን ሳይፈርም መሳቢያ ውስጥ አስገባው። በምትኩ ቅዳሜና እሑድ መሠረተ ትምህርት ጣቢያ አስተምራለሁ። አንድ ቀን ከቀረሁ ወረቀቱ ከመሳቢያው ይወጣል።

ስወጣ እቴ ጣይባን አመሰገንኳቸው? አላመሰገንኩም። ጎትተው ገደል አፋፍ ያደረሱኝ እነዚሁ የወዳጃ ሰዎች፣ የያዙኝም እነሱው።

ጥር 26

በእሑዱ ሕዝበ ውሳኔ ምክንያት ማስተማሩ አልተጀመረም ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ ድምፅ ሰጥቷል። የፊታችን ቅዳሜ እጀምራለሁ። ከኮምቦልቻ መመላለስ ስለማይሆን ደሴ ተመልሻለሁ። ከእማዬ ጋር አንድ ቤት፣ ያለ ንግግር። እሷ ራቴን ታቀርባለች፣ እኔ እበላለሁ።

የካቲት 8

ጣቢያው ቀዝቃዛ ነው። የመጡት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ካልመጡ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አይሰጣቸውም። ሀ ሁ ሂ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ይገለብጣሉ።

ከኋላ የተቀመጠችው ማን ናት? እማዬ። ለምን መጣሽ ልላት አልችልም፣ አላናግራትማ። መምህርት ነኝ፣ ስለዚህ «ቀጥሎ ያለችው» እላታለሁ።

የካቲት 15

እማዬ ፊደሉን በተራ አትማርም። ሰው ሁሉ «ለ» ላይ ሲሆን እሷ እጇን አውጥታ «ዱ እንዴት ነው?» አለችኝ። ገና አልደረስንም አልኳት። ቀጥላ «ሀብ ሲባልስ?» አለች። በንዴት «ያላስተማርኩትን አትጠይቂኝ» አልኩ።

መምህር ወልደ ሚካኤልን አፌ ላይ አገኘኋቸው። ዳስተሩም በእጄ ነበር።

ዱን ጻፍኩላት። በትልቁ። ስትገለብጥ ምላሷን በጥርሷ ይዛ ነበር። ምን ትሠራበታለች እንጃ፤ የበርበሬ ደንበኛዋን ስም ልትጽፍ ይሆናል።

የካቲት 24

አሁንም ያ ገጽ። እሱን ዘልዬ ሌላውን ምዕራፍ ሁሉ ጨርሻለሁ፣ ፊዚክሱም አልቋል። እሱን ገጽ ስከፍት እንቅልፌ ይመጣል። ሰነፍ አይደለሁም፤ በሕይወቴ ሰንፌ አላውቅም።

የወርቅአፈራሁ ሚስት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ሰፈሩ እልል አለ። እማዬም ገንፎ ይዛ ጥየቃ ሄደች። ገንፎ። ለሱ ቤት።

መጋቢት 3

ወታደር የጫኑ መኪናዎች በከተማው አለፉ፣ ወደ ሰሜን። እማዬ ገበያ ጥላ ወጥታ መንገድ ዳር ቆማ ነበር አሉ፣ እያንዳንዱን መኪና እያየች። ሄጄ አላመጣኋትም። እያነበብኩ ነበር።

መጋቢት 13

ትምህርቱ ሲያልቅ እቴ ጣይባ ጠበቁኝ። እሳቸውም ስኳሩን ፈልገው ይመጣሉ፤ አንድ ፊደል አልያዙም። «ነይ ደግፊኝ» አሉኝ። እምቢ ማለት አልቻልኩም።

መንገድ ላይ «እናትሽን እስከ መቼ ነው የምትቀጫት?» አሉኝ።

«እስክፈተን» አልኩ። «እሷ ባትለፈልፍ ኖሮ…»

«አድምጪኝ። ሳፊያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሐሙስ በመጣ የምትጠራው አንድ ሰው ነው። አብዱልወሀብ ትላለች። የማን ልጅ ሲሏት የሳፊያ ትላለች። የት ነው ያለው ሲሏት አላውቅም ትላለች። ሼሁም እንግዲህ አላህ ያጣራው ብለው ያልፋሉ። አላውቅም ባለች ቁጥር እኔ መሬት ነው የማየው። የልጄን ባል አውቀዋለሁ፣ የሠራውንም አውቃለሁ።»

ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ያን ሐሙስ ግን መዲና አለች። የት ሲሏት እንዲያው ፊቷ በራ። ኮምቦልቻ አለች። ከመናኸሪያው ወደ ታች፣ በስተግራ፣ ቆርቆሮው አዲስ የሆነ አዳራሽ፣ ቁጥሯ ይህን ያህል። ሼሁ ይበቃል ቢሏትም አላቆመችም። ከልጆቿ ቦታውን የምታውቅለት አገኘቻ። እሱን ነው አንቺ ለፈለፈች የምትይው።»

«ታዲያ የዚያን ቀን ለአብዱልወሀብ ማን ጠየቀ?»

«ማንም። ሐጃ ለሰው አንድ ነው፣ ታውቂ የለ።»

ቤታቸው ደጃፍ ድረስ አደረስኳቸው። ሕፃኑ ውስጥ ያለቅሳል።

መጋቢት 13፣ ማታ

እንቅልፍ የለም። የምናደድበትን ሰው እፈልጋለሁ። በእማዬ ልናደድ እሞክራለሁ፣ እምቢ ይለኛል። በወርቅአፈራሁ እናደዳለሁ፣ ሲያንሰው ነው። በመምህር ወልደ ሚካኤል፣ በሰልፉ፣ በመሳቢያው፣ ስኳር ይዞ ሀ ሁ በሚያስቆጥረው ሁሉ እናደዳለሁ። በአብዱልወሀብም እናደዳለሁ። ያን ቀን ቤተ መጻሕፍት ባይሄድስ? ቤት ውስጥ መጽሐፍ ጠፍቶ ነው?

የሱ ስም ሳይጠራ ያለፈ አንድ ሐሙስ አለ። በኔ ምክንያት ነው። እንዲህ ብዬ ስጽፈው ሞኝነት ይመስላል፣ እኔ በዱአ አድራሻ አላምንም። ግን ያቺ ሐሙስ ታሳክከኛለች።

እማዬ ደብተር ጥግ ላይ የጻፈችውን አየሁት። አ። ብ። ዱ። ል። ዱ ብቻ ናት ትልቅ።

መብራቱን ሳላጠፋ ያንን ገጽ ከፈትኩ። «ነገ ከዚህ» ይላል። ከዚህ ጀመርኩ። ሲነጋጋ ጨረስኩት። ደራሲው ደህና አድርጎ አስረድቷል።

መጋቢት 17፣ ሐሙስ

ወዳጃ ሄድኩ።

እማዬ ነጠላዋን ስታነሳ እኔም አነሳሁ። አልጠየቀችኝም፣ አልነገርኳትም። ጎን ለጎን ሄድን። ሼህ ዘይኑልአቢዲን ሲያዩኝ «ፈተናሽ ሰኞ ነው አሉ» ብለው ቦታ አስለቀቁልኝ። ሰው ሁሉ የማመጣውን ሐጃ ያውቀዋል። እጃቸውን ሊዘረጉ ተዘጋጅተዋል።

ተራው ደረሰኝ።

«ማን ነው?» አሉኝ።

«አብዱልወሀብ።»

እማዬ ዞራ አየችኝ።

«የማን ልጅ?»

«የሳፊያ።»

«የት ነው ያለው?»

እማዬ ሁለት ዓመት የመለሰችውን ልመልስ አስቤ ነበር። ድምፄ ግን አልታዘዘኝም፣ ከፍ አለ። «አላውቅም። የወሰዱት ያውቃሉ» አልኩ።

እንዲህ ያለ ነገር በዚህ ዘመን በሰው ፊት አይባልም፣ አውቃለሁ። አንዱ ሰውዬ ወደ በሩ አየ። ሼሁም እጃቸውን አንስተው ቆዩ። መጀመሪያ አሚን ያሉት እቴ ጣይባ ናቸው። መሬት አላዩም፣ ወደኔ እያዩ ነው ያሉት። ከዚያ ሌላው ሁሉ ተከተለ።

የእማዬ ተራ ሲደርስ «የኔን ልጄ ብላልኛለች» አለችና ተራዋን አሳለፈች።

ወደ ቤት ስንመለስ መጀመሪያ የተናገረችው እሷ ናት።

«ታዲያ ላንቺ ማን ጠየቀልሽ? ሰኞ እኮ ነው።»

«ያኔ ጠይቀሽልኛል። አድራሻውን ማንም እንዳይስተው አርገሽ።»

ሳቀች። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ብዙ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠና እጄን ያዘች። «በወረቀትም የኔ ብትሆኚ ደስ ባለኝ» አለችኝ። ፈተናው ሲያልፍ አስቀይረዋለሁ አልኳት።

እሑድ አስተምሬ እንደጨረስኩ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ። አልፈራሁም። ተናድጄ ነው የምገባው፣ ተናድጄ ስሠራ አልሳሳትም።

መጽሐፉን ግን አልወስደውም። ዛሬ ከሰዓት ጀምሮ ከ«ነገ ከዚህ» በታች ያለውን ነጭ ኅዳግ በእርሳስ እየሞላሁለት ነው፤ የቱ ጋ በሥዕል እንደሚቀል፣ የቱ ጋ ደራሲው እንደዘለለ። አብዱልወሀብ ሲመጣ በግል መፈተኑ አይቀርም፣ ካቆመበት ይቀጥላል። እማዬ አጠገቤ ቁጭ ብላ «ወ» እንዴት እንደሚጻፍ ጠየቀችኝ፣ እርሳሱን ሰጠኋት።